ከተማ ያቃጠለ ጀግና

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚነሳው ክርክር ትውልድ ቢቀያየርም አልበረደም። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰደውን የንጉሡን ጸጉር ለኢትዮጵያ ሲያስረክብ ብዙዎች ደስ ብሏቸዋል። ስማቸው በተነሳ ቁጥር ግን አንዱ «የአንድነት አባት» ይላል፣ ሌላው «እጅና እግር ያስቆረጡ ጨካኝ» ብሎ ይመልሳል። የሚገርመው ከሁለቱ አንዳቸውም በሐሰት መረጃ አይከራከሩም። ዘመነ መሳፍንትን የዘጉት እሳቸው ናቸው፤ እጅና እግር ያስቆረጡትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጠቡ የመረጃ አይደለም። ጠቡ አንድን ሰው ጀግና ስንል ምኑን እያየን ነው የሚለው ነው።

ጥያቄው ጎንደር ላይ ሲደርስ ይከብዳል። አዘዞ ያለው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በዐፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ ስማቸውን ይዟል፤ ፒያሳ ላይ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ደግሞ የእሳቸው ሠራዊት ይህችኑ ከተማ ዘርፎ አቃጥሏል። በእሳት የጋየው የባዕድ አገር አልነበረም። ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሯት፣ አርባ አራቱ ታቦት የሚባልላት፣ የቅኔና የአቋቋም መዲና ናት።

የቴዎድሮስ፣ ከንግሥ በፊት በነበራቸው ስም የካሳ ኃይሉ፣ ሕይወት ለተረት የተበጀ ይመስላል። ሎርድ ራግላን በ1936፣ ጆሴፍ ካምቤል በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው መጻሕፍት የብዙ አገር ጀግኖች ታሪክ በአንድ መንገድ እንደሚሄድ አሳይተዋል፤ ልደቱ ያልታሰበ፣ ልጅነቱ የተሰደደ፣ በፈተና የተገራ፣ ዘውድ ላይ ወጥቶ በአሳዛኝ ሞት የሚወድቅ። ካሳ ይህን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጉዟል። አባቱ በልጅነቱ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ጎንደር ላይ ተቸግረው ኮሶ ሸጡ ተባለ፤ ይህም ለመሳፍንቱ መሳደቢያ ሆነ። የተማረበት ገዳም ሲወረር አምልጦ ተረፈ። ቋራ ወርዶ ሸፈተ፤ የዘረፈውንም ለድሃ ገበሬ አካፈለ ተብሎ ተጻፈለት። ጉር አምባ፣ ታቁሳ፣ አይሻል ላይ ታላላቆቹን መሳፍንት አሸነፈ። በመጨረሻም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሣ፤ ውቤ ራሳቸው ሊነግሡባት ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቅብዐ ንግሥ ተቀባ። የንግሥ ስሙንም «ፍካሬ ኢየሱስ» ከሚናገርለት ትንቢት ወሰደ።

በ1938 እ.ኤ.አ. ሱፐርማንን፣ በማግስቱ ዓመት ባትማንን የፈጠሩት አሜሪካውያንም ከዚሁ ምንጭ ነው የቀዱት። አንዱ ዓለሙ ከጠፋ በኋላ በገበሬ ቤት ያደገ ነው፣ ሌላው ወላጆቹ ፊቱ ላይ የተገደሉበት። ወጣቱ አንባቢ ካሳን በኮሚክ መጽሐፍ ዓይን ቢያየው አይፈረድበትም።

የአማርኛ ደራሲያንም ይህን ቅርጽ ቶሎ አውቀውታል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ የጎንደር ተወላጁ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ» በተሰኘው ልብ ወለድ፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. በ«አንድ ለእናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በመድረክ ንጉሡን አስነሥተዋቸዋል። ምርጫቸው የሚያስመሰግን ነው። ዙፋን በዘር ሐረግ በሚቆጠርበት ዘመን ከታች የወጣን ሰው የታሪክ ማዕከል ማድረግ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያደገው ኢትዮጵያዊ ቴዎድሮስን ያወቀው ከዜና መዋዕሉ ይልቅ ከእነዚህ ብዕሮች ነው ቢባል ብዙ ስህተት አይሆንም።

በቅርጹና በታሪኩ መካከል ያለው ልዩነት የሚያስጨንቀው እዚህ ላይ ነው። የጀግናው ቅርጽ ስለ ጀግናው ጉዞ ይናገራል፤ በመንገዱ ዳር ስለሚኖሩት አይጠይቅም። ሱፐርማን ከጠላቱ ጋር ሲታገል ሕንፃ ይፈርሳል፣ በሚቀጥለው እትም ከተማዋ እንደነበረች ትገኛለች። ይህ ያሳሰባቸው ደራሲያን በኋላ መጥተዋል። አለን ሙርና ዴቭ ጊበንስ ከ1986 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ዎችሜን» ልዕለ ጀግኖቹን ማን ይጠብቃቸዋል ብለው ጠየቁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው «ካፕቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር» ፊልምም ጠቡን የሚጀምረው ጀግኖቹ ባፈረሷቸው ከተሞች የሞቱትን ሰዎች በመቁጠር ነው። ለጎንደር ግን ቀጣይ እትም አልነበራትም። መዲናነቷ አልተመለሰም።

«ዘመኑ ነው፤ የትናንቱን ሰው በዛሬ ሚዛን አትመዝኑ» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። ነገር ግን ዘመኑ ራሱ ሁለት አንደበት ነበረው። ደብተራ ዘነብ የንጉሡን መነሣት በፍቅር ጻፉ፤ አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ መጨረሻቸውን በምሬት መዘገቡ። ሁለቱም የዚያው ዘመን፣ የዚያው የቤተ ክህነት ትምህርት ሰዎች ናቸው። ንጉሡን የወቀሰው የዛሬ ሰው ብቻ አይደለም።

ሌላው መልስ ልብ ይነካል። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ ወዳጃቸው ጆን ቤልም ከሁለት ዓመት በኋላ ሲገደል፣ ንጉሡ የሚያበርዳቸው ሰው አጡ ይባላል። ልብ ወለድና ተውኔት ይህን ይወዳሉ። ኀዘኑ እውነት ነው፤ ለጭካኔያቸውም አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ምክንያትን ማወቅ ለቤቱ መቃጠል ካሣ አይሆንም። ለቃጠሎው ሌላ ምክንያትም ነበረ። በ1859 ዓ.ም. ግዛታቸው ተሸርሽሮ፣ ጎንደር ለሸፈተው ለጢሶ ጎበዜ በሯን ከፍታለች ብለው ቆጥረውባት ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን መሬት ምክንያት ከካህናቱ ጋር የተጀመረው ጠብም አልሻረም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ከጎንደር ከራሷ የሚመጣው ነው። የተቃጠለችው ከተማ ሐውልት ካቆመች፣ አውሮፕላን ማረፊያዋን በስማቸው ከጠራች፣ ከእርሷ በላይ ለእርሷ የሚቆረቆር ማን ነው? የተበደለው ይቅር ካለ ሌላው በምን ሥልጣኑ ይወቅሳል?

ይህ እንዲሁ የሚገፋ ነገር አይደለም። ይቅርታ የባለቤቱ መብት ነው። ግን ይቅር የሚል ሰው ምን እንደተደረገበት ማወቅ አለበት። ጎንደር ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ በደርቡሽ ሌላ ቃጠሎ አይታለች፤ የዚያን ታሪክ መናገር ይቀላል፣ ጠላቱ ከውጭ መጥቷልና። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ተነሥቶ ከደርቡሽ እንዳዳነው የሚተረከው ትረካም ልብ ያጽናናል። ለ1859ኙ ቃጠሎ እንዲህ ያለ ማጽናኛ የለም፤ አቃጣዩ በልጅነቱ በከተማዋ ያደገ፣ እናቱ በእርሷ የተቸገሩበት ንጉሥ ነው። ስለዚህ ሐውልቱ የይቅርታ ምልክት ነው ብሎ ለመደምደም መጀመሪያ ታሪኩ ከሐውልቱ ጎን መነገር ነበረበት።

ሆኖም ተቃዋሚው አንድ እርምጃ ወደፊት ሊሄድ ይችላል። ሕዝቡ ሁለቱንም ያውቃል፤ ሁለቱንም አብሮ ይይዛል፤ ማስታወስ ሐውልት ላይ ብቻ አይደለም ይላል። እውነት አለው። የአማራ የቃል ግጥም ንጉሡን በአንድ ትንፋሽ ሲያወድስና ሲወቅስ ኖሯል። ከጉር አምባ በፊት ካሳን የተሳደበ አዝማሪ ከድሉ በኋላ ተይዞ ተደብድቦ መሞቱ ይተረካል፤ ያው የአዝማሪ ባህል ግን ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲወድቁ አለቀሰላቸው። ሴቶችም በሙሾ አነሷቸው። የበደሉንም ያነሣል፣ የመጥፋታቸውንም ያዝናል፤ አንዱን ለሌላው አይሠዋም። እንግዲህ ችግሩ ያለው የጎንደር ሕዝብ ልብ ውስጥ አይደለም። ከጉዞው ላይ ሰዎቹን የሚጥለው አንድ መስመር ተከትሎ የሚሄደው የጀግና ቅርጽ ነው፤ ያም በተውኔት፣ በልብ ወለድ፣ አሁን ደግሞ በኮሚክ የመጣልን ቅርጽ ነው። የዚህ ጽሑፍ ወቀሳም ወደዚያ ይጠብባል።

ይህ ቅርጽ ሰዎቹን እንደሚጥል የጎንደር መጻሕፍት ያሳያሉ። ንጉሡ ከከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ያስወሰዷቸውን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት መቅደላ ላይ ሰበሰቡ፤ እዚያ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊያሠሩ አስበው ነበር። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ዘርፏቸው ሄደ። ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ከመቅደላ የመጡ 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት አሉ። ትረካችን ሁሌም የጀግናው ሀብት በባዕድ ተዘረፈ ይላል። ለአንዳንዱ የጎንደር ደብር ግን ያ ሁለተኛው ዝርፊያ ነው። ይህን መናገር እንግሊዝን ነጻ አያወጣም። እንዲያውም የመመለስ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል፤ ከመጻሕፍቱ አንዳንዶቹ የወጡበት ደብር ስሙ ሊታወቅ ይችላልና።

ታዲያ ቴዎድሮስ ጀግና ናቸው? ሥራውን ከሰው ለይቶ መመለስ ይቀላል፤ የመቅደላው ሞት ጀግንነት ነው፣ የጎንደር ቃጠሎ ወንጀል ነው ማለት። የሕይወታቸው የመጨረሻ ቀናት ግን ይህን መልስ ያስቸግሩታል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዋዜማ በብዙ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ከመቅደላ አፋፍ ተወረወሩ። በማግስቱ የጦር አዛዣቸው ፊታውራሪ ገብርዬ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ አሮጌ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ አስረዋቸው የነበሩት አውሮፓውያን በሰላም ተለቀቁ። በፋሲካ ማግስት ንጉሡ እጅ መስጠትን እምቢ ብለው ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። በሞታቸው የምናደንቀው አለመንበርከክ የጎንደር ካህናትን ምልጃ አልሰማ ካለው ጽናት የተለየ አይደለም። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ልብ ነው።

እዚህ ላይ የኮሚኩ ዓለም አያግዘንም። በ1962 እ.ኤ.አ. የተፈጠረው ስፓይደርማን ኃይሉን ያገኘው ከሸረሪት ንድፊያ ነው፤ ሕሊናውን ያገኘው ደግሞ ከአጎቱ ሞት። ኃይልና ሕሊና ከሁለት ቦታ ስለሚመጡ «ኃይልህን ለበጎ ተጠቀምበት» የሚለው ምክር ለእሱ ይሠራል። የካሳ ኃይል ግን ሌላ ምንም ሳይሆን ፈቃዱ ነበር። ፈቃዱን ቀንሱለት ቢባል ደረስጌም መቅደላም አይኖሩም። እንዲህ ያለውን ሰው የሚገታው የራሱ ልብ ሳይሆን ሌሎች ናቸው፤ ሚስት፣ ወዳጅ፣ ጳጳስ፣ ሕግ። ተዋበችና ቤል ሞቱ። አቡነ ሰላማ መቅደላ ላይ ታስረው እዚያው ዐረፉ። ሕጉ ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ ለወጣት ደራሲያንና ሠዓሊያን አንድ ልመና አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር» የተሰኘው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል፤ ሌሎችም እየተከተሉ ነው። የካሳን ታሪክ መሳላችሁ አይቀርም፤ ሳሉት፣ ይገባዋል። ስትስሉት ግን የ1859ን ኅዳር አትዝለሉት። ከሚነደው ደብር መጽሐፍ ይዞ የሚወጣውን ዲያቆን፣ ቤቷ የጠፋባትን የጎንደር ሴት ስምና ፊት ስጧቸው፤ ከንጉሡ እኩል ገጽ ይኑራቸው።