የእጅ ፍሬኑን አትርሳው

ልጄ፣ ቪትስህን ይዘህ ወደ ደጀን ልትሄድ መሆንህን ሰማሁ። እሰየው፣ መንገዱን ያቅናልህ። ዘይትና ጎማ ማየቱን አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። የምነግርህ ስለ እጅ ፍሬን ነው፤ በራችን ላይ ስታቆም ማርሹን ፒ አስገብተህ ብቻ ስትወርድ አይቼሃለሁና።

«ፒ ይይዘው የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ይይዛል። ግን የሚይዘው ካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ነው። ዳገት ላይ የመኪናው ክብደት ሁሉ እሷ ላይ ሲያርፍ፣ ማርሹን ስታወጣ «ቋ!» የሚለው ድምፅ ይመጣል። ስለዚህ እግርህን ከፍሬን ሳታነሳ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ፒ ከዚያ ይግባ። ቁልቁል ከቆምክ የፊት ጎማዎቹን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙራቸው። ድንጋይ ታኮ ካደረግክ ደግሞ ስትነሳ አንሳው። አስፋልት ላይ ትቶት የሚሄድ ሹፌር ለእኔ ሹፌር አይደለም።

የእጅ ፍሬን ከእግር ፍሬኑ ዘይት ጋር ጉዳይ የለውም። በሽቦ ገመድ የኋላ ጎማዎችን ይይዛል፤ ዘይቱ ቢፈስ እንኳ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ገመዱ ግን ሳይሳብ ከከረመ ይዝግና ይነክሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በደህና ቀን ያልሳብከውን በጭንቅ ቀን ብትስበው ላይሰማህ ይችላል።

አሁን መንገድህ ላይ ወዳለው ዓባይ በረሃ። ከጎሃ ጽዮን በታች ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ፍሬን እየረገጡ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም እንደ ባዶ ይሰምጣል። ገና ከላይ ሳለህ ማርሹን ዝቅ አድርገው፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።

ፔዳሉ ከሰመጠብህ ደጋግመህ በፍጥነት ርገጠው፤ አንዳንዴ ይመለሳል። ማርሹን ደረጃ በደረጃ አውርድ፣ የአደጋ መብራት አብራ። ሞተሩን ግን እንዳታጠፋ! መሪው ይከብድብሃል፤ ቁልፉን ብትነቅል ደግሞ ጭራሽ ሊቆለፍ ይችላል። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣትህ እንደተጫንክ ቀስ እያልክ ሳብ። አንዴ መንጭቀህ ብትስበው የኋላ ጎማዎች ይቆለፉና መኪናው ይዞራል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸ ነው። ጀርባው መንሸራተት ሲጀምር ላላ አድርግ፣ ሲረጋ መልሰህ ሳብ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ቁልፏን መጫንህ ለመልቀቅ እንድትችል ነው። ብቻውን ቶሎ ያቆመዋል ብለህም አትጠብቅ፤ እንደ እግር ፍሬን አቅም የለውም።

የእጅ ፍሬኑ በአዝራር የሚሠራ መኪና ብትይዝ፣ በአብዛኞቹ አዝራሩን ሳብ አድርጎ መያዝ ነው፤ ማመጣጠኑን ኮምፒዩተሩ ይሠራዋል።

ስትነሳ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መብራት መጥፋቱን እይ። ፍሬኑ እንደተሳበ ከነዳህ ሸራው ይቃጠላል፤ ሽታው ይነግርሃል። የእጅ ፍሬኑ ተለቆም ካልጠፋ ዘይቱ ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል አትነሳ።

ነገ፣ መንገድ ሳትጀምር፣ ሰው በሌለበት ቀለል ያለ ዳገት ላይ ቁም። የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ እግርህን ከፔዳሉ ሳታርቅ ቀስ ብለህ አንሳ። መኪናው ወደ ኋላ ካለ ጉዞውን ተወውና ጋራዥ ውሰደው፤ ገመዱን ያጥብቁልህ፣ ሸራውንም ይዩልህ።