ስለ መሳለምና ስለ መመልከት

በጃፓን፣ ቀድሞ የነገሥታት መቀመጫ በነበረችው በኪዮቶ ከተማ፣ እንግዳ ሰው ቢስክሌት ተከራይቶና መሪ ይዞ በአንድ ቀን ብዙ መቅደሶችን የሚያይበት ልማድ አለ። ጧት ከአንድ የቡድሃ ቤት ይነሣል፤ ቀትር ሳይሆን ከሺንቶ መቅደስ ቀይ በር ይደርሳል፤ ማታ ከማደሪያው ሲገባ ስንቱን እንዳየ ይቈጥራል። ይህን የሰማ የደብረ ታቦር ሰው፣ ከወረታ ሜዳ ወደ ከተማው የሚወጣውን ዐቀበት አስቦ ይሥቅ ይሆናል፤ በዚያ መንገድ ቢስክሌቱ ሰውን ከሚሸከም ሰው ቢስክሌቱን ቢሸከም ይቀላልና። ዳሩ ግን በመኪናም ቢሆን፣ ደብረ ታቦር ኢየሱስን፣ ጋፋትንና የጋይንቷን ቤተ ልሔም በአንድ ጉዞ ለማዳረስ የሚመኝ እንግዳ አይታጣም። ብዙ የተቀደሰ ስፍራ በአንድ ቀን ያየ ሰው በእውነት ምን አየ?

ጋፋትን ስለ ማየት ክርክር የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩበት ስፍራ ነውና፣ ታሪኩን ሰምቶ ቦታውን የተመለከተ ሰው የፈለገውን አግኝቷል። ስለ ቤተ ክርስቲያን ግን አማርኛው ራሱ ሌላ ቃል ይዟል። ምእመን ቤተ ክርስቲያንን ሳመ ወይም ተሳለመ ይባላል እንጂ አየ አይባልም። በበቅሎ የሚያልፍ መንገደኛ ከበቅሎው ወርዶ፣ ከደጀ ሰላሙ ሳይገባ ከሩቅ ተሳልሞ መንገዱን ይቀጥላል፤ ምንም አላየም፤ ነገር ግን አልቀረበትም። ቢገባም ከቅኔ ማሕሌቱና ከቅድስቱ አልፎ መቅደሱን አይረግጥም፤ ታቦቱም በጥምቀት ቀን ሲወጣ እንኳ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ነው። እንግዲህ ሰባ ዓመት የተሳለመ ሽማግሌ ስለ ታቦቱ መልክ ቢጠየቅ፣ ትናንት ከመጣው እንግዳ አብልጦ የሚናገረው የለውም።

ጃፓኖችም ይህን ነገር አላጡትም። ከኪዮቶ ርቆ በኢሴ ያለው ታላቁ መቅደሳቸው በየሃያ ዓመቱ እንደ ገና በእንጨት ይሠራል፤ የመጨረሻው ሥራ የተፈጸመው በ2006 ዓ. ም. ነው። በውስጡ የተቀደሰ መስተዋት እንዳለ ይነገራል፤ ሕዝቡ ግን መጋረጃ ከተዘረጋበት በር ፊት ቆሞ እጅ ነሥቶ ይመለሳል። ሃይማኖታቸው ከክርስትና እጅግ የራቀ ሆኖ ሳለ መጋረጃውን ማክበራቸው ያስደንቃል።

ወደ ቤተ ልሔም የሚሄድ እንግዳ በድጓ ትምህርቷ ከታወቀች ደብር ይደርሳል። በዚያ ለምድ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ የሚበላው ተማሪ፣ ዜማውን ከቃሉ ለማጥናት ዓመታትን ይፈጃል። እንግዳው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይሄዳል። ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው፣ ይህስ ድፍረት ነው ይላል። ፍርዱ ግን ቶሎ የተሰጠ ነው። ክብ በሆነው የሣር ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ የኖረውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለውጭው ዓለም ያስታወቀ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ መንገደኛ ነው። ካህናቱ በየዕለቱ ስለሚቀድሱበት፣ ይህ እንግዳ ነገር ነው ብለው የሚያስታውቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። የባዕድ ዓይን የለመደው ዓይን የማይቈጥረውን ይቈጥራል፤ ይህን መካድ ትዕቢት ይሆናል።

ከባዱ ሸክም ያለው በእንግዳው ላይ ሳይሆን በመሪው ላይ ነው። እርሱ ከዚያው ተወልዶ፣ ከዚያው ተጠምቆ፣ አሁን ስለ ማሳየቱ ዋጋ ይቀበላል። ዋጋ መቀበሉ ነውር አይደለም፤ ተማሪውም የሚያድረው በሰው እጅ ነው። ፈተናው ሌላ ነው፤ እንግዳው ደስ እንዲለው ያልነበረ ታሪክ መጨመር፣ የብራናውን መጽሐፍ ለፎቶግራፍ ሲባል ፀሓይ ላይ ማስገለጥ፣ ከሁሉም ይልቅ የተዘጋውን በር የተከፈተ አስመስሎ መሸጥ። እንግዳው ወደ መጋረጃው እያመለከተ፣ ከዚያ ወዲያ ምን አለ? ብሎ ሲጠይቅ፣ ሐሰተኛው መሪ ብዙ ይናገራል። እውነተኛው ግን፣ እኔም አይቼው አላውቅም ይላል። እንግዳውም ተደንቆ፣ ታዲያ ከልጅነትህ ጀምሮ ምን ልታይ ትመጣ ነበር? ቢለው፣ መልስ ሳይሰጥ ጐንበስ ብሎ መድረኩን ይስማል።