ዝናብ እያየ የደረቀ አበባ

ክረምት ነበር። ነሐሴ መግቢያ ላይ ከአዲስ አበባ ወጥቼ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ፣ ከበረንዳዬ ጣራ በሽቦ ያንጠለጠልኩት አበባ ደርቆ ጠበቀኝ። ፔቱኒያ ነበር፤ ስሄድ ሐምራዊና ነጭ አበባው ከቅርጫቱ ጠርዝ ሞልቶ ወደ ታች ተዘርግቶ ነበር። የሚያጠጣልኝ ሰው አልፈለግሁም። በነሐሴ ዝናብ ማን አበባ ያጠጣል? ዝናቡም በእርግጥ አልቀረም፤ ቀንም ሌትም ሲወርድ ሰንብቷል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ረግረግ ሆኗል፤ በአጥሩ ሥር ማንም ያልዘራው ሣር ጉልበት ደርሷል። የእኔ አበባ ግን የላይኛው ፎቅ በረንዳ እንደ ጣራ ከልሎት፣ ውሃው ፊት ለፊቱ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት እየወረደ፣ በጥም ሞተ።

በድንጋጤ አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰስኩበት። አፈሩ ከመድረቁ የተነሣ ተኮማትሮ ከቅርጫቱ ግድግዳ ተላቅቆ ስለነበር፣ ውሃው በዳርና በዳር ሾልኮ ወለሉን አጥለቀለቀው፤ መካከሉ እንደ ደረቀ ቀረ። ጎረቤቴ የሆኑት እናት ከበረንዳቸው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር።

«ዝናቡን እያየች ደረቀች እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ምነው ቁልፉን ለእኔ ብትተውልኝ?»

ይህ ንግግራቸው ከአንድ አበባ ሞት ያለፈ ጥያቄ አሳደረብኝ። አንድን ሕይወት ከቦታው ነቅለን፣ ለእኛ ደስ እንዲለን ወደ እኛ ስናመጣው፣ ምን ዕዳ እንገባለን?

መሬት ላይ የተተከለ አበባ ከሰው ሌላ ብዙ ወዳጅ አለው። ሥሩን ወደ ጥልቅ ሰድዶ የሰነበተውን እርጥበት ይጠጣል፤ የወደቀው ቅጠል በስብሶ ይመግበዋል። ባለቤቱ ቢረሳው እንኳ ምድር አትረሳውም። የተንጠለጠለው ግን ከዚህ ሁሉ ተለይቷል። ሀብቱ ጥቂት እፍኝ አፈር ብቻ ነው። ነፋስ በጎኑም በሥሩም ስለሚያገኘው ቶሎ ይደርቃል፤ በበጋ በየቀኑ ውሃ ይሻል። ያጠጣነው ውሃ ደግሞ በቅርጫቱ ቀዳዳ ሲወርድ የአፈሩን ምግብ እየያዘ ስለሚሄድ፣ በየጊዜው ማዳበሪያ ካልታከለለት እየጠጣ ይራባል። ውሃው እንዳይባክን ብለን ቀዳዳውን ብንደፍነው ሥሩ ይበሰብሳል። በአጭሩ፣ ከመሬት ባነሣነው ቀን የምድርንም የሰማይንም ሥራ በትከሻችን ላይ ወስደናል። ወንጌል የሰው ልጅ እንዳይጨነቅ ምሳሌ አድርጎ የሚያሳየን የሜዳ አበቦችን ነው። የሜዳውን የሚጠብቀው ፈጣሪ ነው፤ የበረንዳውን ግን «ለእኔ ተወው» ብዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

«ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ በሚወጡበት ሕንፃ፣ አበባ ማጠጣት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ጎመን ያጠብኩበትን ውሃ እስከ ማጠጣት ደርሻለሁ። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ጊዜ አለው። መጠየቅ ያለበት አበባው ከመሰቀሉ በፊት ነው። መስቀሉ በፈቃዳችን ነው፤ ማንም አላስገደደንም። ከሰቀልነው በኋላ ግን ማጠጣቱ ቸርነት መሆኑ ይቀርና ዕዳ መክፈል ይሆናል። በእርግጥ ሊቸግረን ይችላል። ያን ጊዜ ለሚችል ሰው መስጠት፣ ወይም አውርዶ መሬት ላይ መትከል ይቻላል። በሽቦው ላይ እንዳለ መርሳት ግን ከሁሉም የከፋው ነው፤ ከሁሉም የሚቀለውም እርሱ ነው።

ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ ተንጠልጣይ የተባለው የባቢሎን የአትክልት ሥፍራ ነው። ፍርስራሹ ይህ ነው ተብሎ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልተገኘም፤ ወሬው ግን በጥንት ጸሐፊዎች ዘንድ አለ። አንደኛው ተረክ ንጉሥ ናቡከደነፆር ተራራማ ከሆነው ከሜዶን አገር ለመጣችው ሚስቱ ናፍቆቷን ለማስታገስ እንዳሠራው ይናገራል። የግሪኩ የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦ ደግሞ ለዚሁ የተመደቡ ሰዎች ውሃውን ከኤፍራጥስ ወንዝ ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይስቡ እንደነበር ጽፏል። እንግዲህ ንጉሡ ከአገሯ የራቀችን ሴት ለማጽናናት ዛፎችን ከመሬታቸው አራቀ። ድንቁ የእርሱ ተባለ፤ ድንቁን በሕይወት ያኖሩት ግን ስማቸው ያልተጻፈ ውሃ ሳቢዎች ናቸው። ንግሥቲቱስ? ናፍቆቷ ለቀቃት ይሆን? ተረኩ አይነግረንም።

ስለ ንግሥቲቱ ሳስብ ጎረቤቴ ትዝ ይሉኛል። ልጆቻቸው «ብቻዎን ከሚሆኑ» ብለው ከገጠር አምጥተው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አኖሯቸው። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። አልጋው፣ ምግቡ፣ ቴሌቪዥኑ ተሟልቷል። ነገር ግን ጠዋት ወጥተው የሚመለሱት ማታ፣ ደክመው ነው። እኒህ እናት በአገራቸው ሳሉ የቡና ጎረቤት፣ የማኅበር ጓደኛ፣ የሚቆጧት ጥጃ፣ የሚሳለሙት ደጀ ሰላም ነበራቸው። ያ ሁሉ፣ ማንም ሳያስበው፣ በየቀኑ የሚያጠጣቸው ዝናብ ነበር። እዚህ ደግሞ ሰው ቀኑን ሙሉ በመስኮታቸው ሥር ይጎርፋል፤ አንዱም ወደ እርሳቸው አይደርስም። ለካስ «ዝናቡን እያየች ደረቀች» ያሉት ነገሩን ከእኔ ይልቅ ቢያውቁት ነው።

እርሳቸውም ብቻቸውን አይደሉም። «እንደ ልጄ አስተምራታለሁ» ብለን ከእናቷ ጉያ ያመጣናት የዘመድ ልጅ፣ ለሥራ ብለን ከገጠር ያስመጣናት ልጅ፣ ሁሉም ከምድራቸው የተነሡ ናቸው። እኛ ደግሞ ማምጣታችንን ውለታ አድርገን እንቆጥራለን፤ ዕዳው የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ለበዓል የምንገዛው ቀሚስና ነጠላ ያችን አንድ ባልዲ ውሃ ይመስለኛል። ውሃ ሳይሆን ያጠረው ጊዜ ነበር። አትክልት የሚያውቁ ሰዎች እንዲያ የደረቀ አፈር ሲያጋጥማቸው ቅርጫቱን አውርደው ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ያኖሩታል፤ አፈሩ ቀስ እያለ ከሥር እስኪጠጣ ድረስም አያነሡትም። በላዩ አፍስሶ መሄድ አይረዳም። አጠገቡ መቆየት ያስፈልጋል።

ለመሆኑ እያንዳንዳችን ከጣራችን ሥር የሰቀልነው ምንድን ነው? መጨረሻ ያጠጣነውስ መቼ ነው?

እኔ አሁን ጄራኒየም ሰቅያለሁ። የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ስለሆነ ድርቅን ከፔቱኒያ ይሻል ይታገሣል፤ ቢሆንም ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጥቻቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መጥተው ሲያጠጡ ቡና አፍልቼ ቆየኋቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ስለ አበባው ያወራነው ጥቂት ነው።