የጥማት ሚዛን፦ ስለ ውኃ ገደብና ስለ ፍትሕ

ውኃ በተትረፈረፈበት ጊዜ የፍትሕ ጥያቄ አይነሣበትም። ወንዙ ሞልቶ በሚፈስበት የክረምት ወራት አንዱ አንድ እንስራ፣ ሌላው አሥር እንስራ ቢቀዳ የሚጎዳ የለም፤ የሚከሰስም የለም። ጥያቄው የሚወለደው ሰማዩ ሲዘጋ፣ ግድቡ ሲጎድልና ቧንቧው ሲደርቅ ነው። በዚያን ጊዜ አንዱ በከንቱ የሚያፈሰው ጣሳ ውኃ የሌላው መጠጥ ነው። ስለዚህ በድርቅ ወቅት በየቤቱ የውኃ ፍጆታ ላይ የሚጣል ገደብ የመሐንዲሶችና የቆጣሪ አንባቢዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው ለሰው ያለበትን ግዴታ የሚመለከት የሥነ ምግባር ጥያቄም ነው።

ገደብ መጣሉ ተገቢ ስለ መሆኑ ብዙ መከራከር አያሻም። የጋራ የሆነና እያለቀ የሄደ ሀብት ለእያንዳንዱ ፈቃድ ከተተወ፣ የሚተርፈው ቀድሞ ለደረሰና ጉልበት ላለው ብቻ ነው። አከራካሪው ልኬታው ነው። ገደቡ በምን ይለካ? ለዚህ ጥያቄ ወዲያውኑ የሚሰጠው መልስ «ለሁሉም እኩል» የሚል ነው። መልሱ ለጆሮ የሚጥም፣ ለአፈጻጸምም የሚቀል ነው። ይሁንና ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ በዚህ መልስ ላይ ጥርጣሬ አሳድረዋል። አርስቶትል እኩል ላልሆኑ ሰዎች እኩል ማካፈል ራሱ የጠብና የአቤቱታ ምንጭ እንደሚሆን አስተምሯል። ካርል ማርክስም እ.ኤ.አ. በ1875 በጎታ ፕሮግራም ላይ በጻፈው ሂስ፣ አንዱ ባለትዳር ሌላው ላጤ፣ አንዱ የብዙ ልጆች አባት ሌላው የጥቂት በሆነበት ኅብረተሰብ፣ አንድ ዓይነት መለኪያ ልዩ ልዩ ውጤት እንደሚያስከትል አመልክቷል። የውኃ ገደብ የዚህን ሐሳብ እውነትነት በግልጽ ከሚያሳዩ ጉዳዮች አንዱ ነው።

የደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በጆሃንስበርግ ከተማ ለእያንዳንዱ ቤት በወር 6,000 ሊትር ውኃ በነፃ እንዲሰጥ ተወስኖ ነበር። ይህ መጠን በቤቱ ውስጥ 8 ሰዎች ቢኖሩ ለእያንዳንዱ በቀን 25 ሊትር ይደርሳል በሚል ስሌት የተመሠረተ ነው። ባልና ሚስት ብቻ የሚኖሩበት ቤት ግን በነፍስ ወከፍ 100 ሊትር ያገኛል። 16 ሰዎች ተጠጋግተው የሚኖሩበት ግቢ ደግሞ 12 ሊትር ተኩል ብቻ ይደርሰዋል። በሶዌቶ ውስጥ የፊሪ ሠፈር ነዋሪዎች ይህን ድልድልና በየቤቱ የተተከለውን ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ በመቃወም ፍርድ ቤት ቆሙ። የከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2008 ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ይገባል አለ፤ የይግባኝ ሰሚው በ2009 ወደ 42 ሊትር ዝቅ አደረገው፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት መጠኑን መወሰን የመንግሥት ሥልጣን መሆኑንና የከተማው አሠራር ምክንያታዊ መሆኑን በመግለጽ ክርክሩን ዘጋ። ክርክሩ በሕግ ቢዘጋም የሥነ ምግባሩ ጥያቄ አልተዘጋም። ውኃ የሚጠጣው ሰው ሆኖ ሳለ ስለምን በር ይቆጠራል?

በዚያው አገር የኬፕ ታውን ከተማ ከ2015 እስከ 2017 በተከታታይ ዝናብ አጠራት። ግድቦቿ እየጎደሉ በሄዱ ጊዜ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለአንድ ሰው የተፈቀደው ውኃ በቀን 50 ሊትር ብቻ ሆነ። ቧንቧዎች በአመዛኙ የሚዘጉበት ዕለት «ዜሮ ቀን» ተብሎ ተሰየመ። ያ ቀን ቢደርስ ነዋሪው ወደ 200 ገደማ በሚሆኑ ማደያዎች ተሰልፎ በቀን 25 ሊትር ብቻ እንዲቀዳ ታቅዶ ነበር። ዕለቱ ግን አልደረሰም። ሕዝቡ የከተማውን ፍጆታ ከቀድሞው ከግማሽ በታች ካወረደ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ ተመለሰ። ይህ የጋራ ተግሣጽ ውጤት በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሆኖም እዚህ ላይ ልኬታው በነፍስ ወከፍ ቢሆንም ሸክሙ እኩል አልነበረም። ባለ መዋኛ ገንዳና ባለ አታክልት ለሆነው ሰው 50 ሊትር ማለት ምቾቱን መተው ነው። ከቤቱ ርቆ ከጋራ ቧንቧ በባልዲ ለሚቀዳው የድሃ መንደር ነዋሪ ግን 50 ሊትር ቀድሞም ያልደረሰበት ጣሪያ ነበር። እነዚህ መንደሮች ከከተማው ውኃ የሚወስዱት ከመቶ 5 እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ገንዘብ ያለው ደግሞ በግቢው ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ የታሸገ ውኃ ገዝቶ ከገደቡ ማምለጫ አገኘ። እንግዲህ ከአንዱ የተቀነሰው ትርፍ ሲሆን ከሌላው የሚቀነሰው ሕይወት ነው። የሁለቱን ቅነሳ በአንድ ቃል «እኩል መሥዋዕትነት» ብሎ መጥራት እውነቱን መሸፈን ይሆናል።

ይህ ሁኔታ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በከተማዋ ብዙ ሠፈሮች ውኃ በፈረቃ መዳረሱ በድርቅ ዘመን ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። የፈረቃው ሠሌዳ ለሁሉም በር አንድ ዓይነት መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሮቶ የሰቀለና የውኃ መሳቢያ ያስገባ ቤት ውኃው በመጣበት ሌሊት ለሳምንት የሚበቃውን ይሞላል፤ ፈረቃ መኖሩንም ይዘነጋል። ጎረቤቱ ግን ያለችውን ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ቀሪውን ቀን ይቆጥራል። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ብዙ አባወራዎች ያሉበት ግቢም ሌላ ችግር አለበት። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ የብዙ ድሆች ጥቂት ጥቂት ፍጆታ ተደምሮ እንደ አንድ አባካኝ ያስከፍላቸዋል። አባካኙን ለመቅጣት የወጣ ደንብ ቆጣቢውን ሲቀጣ ይገኛል። በዚህ ሁሉ መካከል ጀሪካኑን የምትሸከመው፣ በቦኖ ፊት ተራ የምትጠብቀው፣ ከትምህርቷ የምትቀረው ብዙውን ጊዜ ሴቲቱና ልጃገረዲቱ ናት። የጉልበትና የጊዜ ወጪዋ በማንኛውም ቆጣሪ ላይ አይነበብም።

ከዚህ ጋር የሚነሣ ሌላ ጉዳይ አለ። የቤት ፍጆታ ሲገደብ ከቤት ውጭ ያለው ፍጆታ ካልተነካ ፍትሕ ከጅምሩ ይጓደላል። የሐረር ከተማን ለብዙ ዓመታት ያጠጣ የነበረው የዓለማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደርቆ ነበር። ሐይቁን ያደረቀው የከተማው ቤተሰብ የሚቀዳው ውኃ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚሳበው ውኃ፣ ከተራቆተው ተዳፋት ታጥቦ የሚገባው ደለልም ድርሻ ነበራቸው። ጥማቱ ግን በቀጥታ ያረፈው በከተማው ማድጋ ላይ ነው።

በእኩል ልኬታ ላይ የሚሰነዘረው ይህ ሂስ የሚገጥመው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አንድ ዓይነት ደንብ ግልጽ ነው፤ ማንም ሊያነበውና ሊከራከርበት ይችላል። «እንደየፍላጎቱ» ከተባለ ግን ፍላጎትን የሚመዝን ሹም ያስፈልጋል። ሹም ባለበት ደግሞ ዘመድና አማላጅ አይጠፋም። በየቤቱ ያለውን ሰው መቁጠር አድካሚ መሆኑም ሐቅ ነው፤ በጆሃንስበርጉ ክርክር ከቀረቡት መከራከሪያዎች አንዱ ይኸው ነበር። ይህ ተቃውሞ የሚያስተምረው ግን መለኪያው ለሁሉም የሚታይ መሆን እንዳለበት ነው። በር ከሰው ይልቅ መቆጠር አለበት የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም። ዕድር የአባሎቹን ቤተሰብ ብዛት፣ የታመመውንና የወለደችውን ያለ አንዳች መዝገብ ቤት የሚያውቅ ማኅበር ነው። ሠፈርተኛው ራሱ በአደባባይ የሚቆጥረው ቁጥር በቢሮ ከሚቆጠረው ይልቅ ለአድልዎ አይመችም።

የቦረና አርብቶ አደር ሥርዓት ለዚህ አብነት ይሆናል። ቱላ በተባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ዘንድ አባ ሄሬጋ የከብቶቹን የመጠጫ ተራ ይመራል። ተራው የሚወሰነው በትውልድ ቅርበትና ጉድጓዱን በመቆፈር፣ በመጥረግና በመቅዳት በዋለ ጉልበት ነው። ለጠማው ሰው ግን የሚጠጣው አይከለከልም፤ ውኃውም አይሸጥም። በትውልድ የሚሰጠው ቅድሚያ እንከን የሌለበት ነው ማለት አይደለም። ዋናው ቁም ነገር የቅደም ተከተሉ ሐሳብ ነው፦ በመጀመሪያ የሰው ጥም ይረካል፤ ተራና ደንብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍትሐዊ የውኃ ገደብ መሠረቱ ይህ ነው። አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ነፍስ የማይነካ ድርሻ ይለያል፤ ቅነሳው የሚጀምረው ከዚያ በላይ ካለው ትርፍ ነው፤ ብዙ ትርፍ ያለውም ብዙ ይቀንሳል። ገደቡን የሚያወጣው ሹምም ከዚያው ገደብ ይጠጣል። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም እንደሚባለው፣ ሮቶው ሙሉ የሆነ ሹም የፈረቃን ትርጉም በወረቀት ብቻ ያውቀዋልና።

ለመምህሩና ለኪነ ጥበብ ሰውም ከዚህ የሚደርስ የሥራ ድርሻ አለ። በድርቅ ዘመን «ውኃ ቆጥቡ» የሚል ሥዕል፣ መዝሙርና ትምህርት ይበዛል። መልእክቱ መልካም ነው፤ የሚሰማው ግን ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሁለት ጀሪካን ሳምንት የምታሳልፍ እናት ስለ ቁጠባ የሚያስተምራት አያሻትም፤ ልታስተምር የምትችለው እርሷ ናት። ሥዕሉ የሚሰቀልበት ተገቢ ቦታ የአታክልት ማጠጫው ጎማ ሌት ተቀን በሚፈስበት አጥር ላይ ነው።