«የኛ» ሲባል

ኳስ ወዳጆች ሲከራከሩ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ «የኛ» የምትለዋ ቃል ናት። እኔ በምኖርበት በሳሪስ፣ ጨዋታ በሚያሳዩ ቤቶች ደጃፍ «የኛ ሰው እኮ ነው!» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ መሰላችሁ። በ2004 ዓ.ም የአውሮፓ ዋንጫ ቴዎዶር ገብረሥላሴ ለቼክ ሪፐብሊክ ሲሰለፍም ተብሏል። ተወልዶ ያደገው እዚያው ቼክ፣ እናቱም የዚያው አገር ሰው። «ቢሆንስ! አባቱ ኢትዮጵያዊ ነዋ። ደም ነው፣ ደም!»

እሺ፣ ደም ይሁን። እንግዲያው ሉቺያኖ ቫሳሎን የት ልናደርገው ነው? በ1927 ዓ.ም አስመራ ተወለደ፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በአባት ደም ከሄድን ጣሊያን መሆኑ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ግን የኢትዮጵያን ቡድን በአምበልነት እየመራ አዲስ አበባ ስታዲየም የገባው እሱ ነበር። ያኔ የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። ወንድሙ ኢታሎ አገባ፤ መንግሥቱ ወርቁ ደገመ። ዋንጫውን ለአምበሉ የሰጡት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የጣሊያን ወረራ ለስደት የዳረጋቸው ንጉሥ፣ ከስደት በተመለሱ በሃያ ዓመታቸው፣ የጣሊያን ስም ላለው ኢትዮጵያዊ ዋንጫ ሲያስረክቡ እስቲ አስቡት! እስከ ዛሬም ያለችን የአፍሪካ ዋንጫ ያቺው አንዲቷ ናት።

«ተወው ደሙን፣ ዋናው ማልያው ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ማልያ ይሁን። ታዲያ ቴዎዶር ቼክ ነው፣ እንተወዋ! የለም፤ እኛ ሁለቱንም ነው የምንፈልገው። ሚዛናችን ደምም ማልያም አይደለም፣ ድል ነው። ላሸነፈ ሰው ዝምድና እንፈልግለታለን፤ የተሸነፈ ዕለት አያት ቅድመ አያቱን እንመረምራለን።

ሉቺያኖ መጫወት ካቆመ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኗል። በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወጣ። ጣሊያን ገብቶ ጋራዥ ከፈተ፤ ልጆችንም ኳስ አስተማረ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም በ87 ዓመቱ እዚያው ሲያርፍ «ታላቁ አምበላችን» ተባለ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። በቁሙ፣ ያን ሁሉ ዓመት በሰው አገር ሲኖር፣ «የኛ» ብለን ያስታወስነው ስንቶቻችን ነን?

እኔን የሚመስለኝ፣ ቃሏን ያጣመምናት እኛው ነን። «የኔ ቤት» እንደሚል ሰው «የኛ ተጫዋች» እንላለን፤ እንደ ንብረት። «የኔ እናት» የሚል ሰው ግን የሚናገረው ስለ ዕዳው ነው፤ ብትታመም ሊያስታምም፣ ብትርቅ ሊጠይቅ። ሉቺያኖ የሱን ድርሻ በሜዳ ከፍሎ ሄዷል። የማልያውን ዕዳ ያልከፈልነው እኛ ነን።

በሳሪስ መንደሮች ውስጥ ለውስጥ ኳስ የሚያባርሩትን ልጆች አይቼ አውቃለሁ። ቡድን ሲከፋፈሉ የአባት ስም አይጠያየቁም፤ የወደቀውንም ጨዋታ አቁመው ያነሱታል። «የኛ» ማለትን ከነሱ ብንማር አያሳፍረንም።