የተማርነው ለፈተና ነው ወይስ ለኑሮ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ውድ አንባብያን፣ ይህ ተረት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን የተነገረ ይመስለኛል። ለመሆኑ ትምህርት ቤት ከ12ኛ ክፍል በኋላ ለሚጠብቀን ኑሮ ያዘጋጀናልን? ጥያቄውን እንዳነሣ ያስገደደኝ በራሴ የደረሰ ነገር ነው።

12ኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት በምጠባበቅበት ክረምት አባቴ ለማዳበሪያ የሚበደርበትን የውል ወረቀት ይዞ መጣ። ፊደል ስላልቆጠረ «እስቲ ልጄ፣ አንብብልኝ» አለኝ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነበር። እኔም የመጀመሪያውን ገጽ ላይ ላዩን አየት አድርጌ «ደኅና ነው፤ ፈርም» አልኩት። አባቴም አመነኝና የአውራ ጣቱን አሻራ አኖረ። በሁለተኛው ገጽ ግን ክፍያው ከታኅሣሥ ወር ካለፈ ቅጣት እንደሚታሰብበት ተጽፎ ኖሯል። ማሽላው ተወቅቶ እስኪሸጥ ቀኑ አለፈ፤ ቅጣቱን ለመክፈል ሁለት በጎች ተሸጡ። አባቴ አልተቆጣም። «ልጄ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታነብ የከረምከው ምንድን ነው?» ብቻ አለኝ። ከዱላ ይልቅ ይህ ቃል አመመኝ።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይህ ነው። ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአምባሰል፣ ውጫሌ አለች። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል አሳምሬ አጥንቼዋለሁ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመነጋገር ብትፈልግ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ትችላለች ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ እንዳደረገው፣ ጠቡም በ1888 ዓ.ም. እስከ ዓድዋ ጦርነት እንዳደረሰ በፈተና ላይ መልሼ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ነገር ግን «እንግዲያው እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ» ያለኝ መምህር አልነበረም፤ እኔም ከራሴ አላሰብኩትም። ትምህርቱ በእጄ ነበረ፤ የኑሮዬ ትምህርት መሆኑን ግን አላወቅሁም።

በእኔ አስተያየት የትምህርት ቤታችን ጉድለት እዚህ ላይ ነው። የምንማረው ሁሉ ወደ አንድ በር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ ይነዳናል። ይሁንና በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ከፍ ብሎም 8.4 በመቶ ነው። ታዲያ የቀሩት ምን ይሁኑ? እርሻውን «እኔ የተማርኩ ሰው» ብለው ያፍሩበታል፤ ለቢሮው ደግሞ የሚጠየቀው ወረቀት የላቸውም።

አንዳንዶች «ኑሮን ማስተማር የወላጅ ድርሻ ነው፤ ትምህርት ቤት ዕውቀት ይስጥ እንጂ ሌላ አይጠየቅ» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። በተጣበበ ክፍል የሚያስተምር መምህር የእያንዳንዱን ልጅ ኑሮ ሊያቃና አይችልም። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረ አባት ውል ማንበብን ለልጁ እንዴት አድርጎ ያስተምረው? ወደ ትምህርት ቤት የላከው እኮ እርሱ የሌለውን እንዲያመጣለት ነው።

እስቲ የገዛ አገራችንን ታሪክ እንመልከት። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው ተማሪዎቹ ባገኙት ነጥብ አይደለም። ከዚያ ተምረው የወጡት፣ እንደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያሉት፣ በሄዱበት አገር ሌላውን ስላስተማሩ ነው። የትምህርት ቤት መለኪያው ተማሪው ከበሩ ከወጣ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን በየትምህርቱ መጨረሻ «ይህ በቤታችሁ ለምን ይጠቅማል?» ብለው ቢጠይቁን፣ የወለድን ስሌት ሲያስተምሩም እውነተኛ የብድር ወረቀት ቢያሳዩን መልካም ነው፤ ይህ አዲስ ሕንፃም ሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እኛ ተማሪዎችም ጥፋቱን ሁሉ በትምህርት ቤት ላይ አንጣል። ሁለተኛውን ገጽ ሳልገልጥ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እጄን የያዘኝ አልነበረም።

ዘንድሮ አባቴ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። ሁለቱንም ገጽ ጮኽ ብዬ አነበብኩለት። አሻራውን ከማኖሩ በፊት ግን «እስቲ አንድ ጊዜ ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። እናንተስ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬ የተማራችሁት ነገ በቤታችሁ ምን ይሠራል?