ቋሚና አግድም

ግንበኛ ግድግዳው መቆሙን የሚያረጋግጠው በቱንቢ ነው፤ በክር የተንጠለጠለው ክብደት ሲረጋ ክሩ ሽቅብና ቁልቁሉን ያሳያል። የድርድሩን እኩልነት ደግሞ በውሃ ልክ ያያል፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለችው አረፋ ከሁለቱ ጭረቶች መሐል ስትገባ ድንጋዩ ተስተካክሏል። የሁለቱም ዳኛ የምድር ስበት ነው። ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ ቱንቢ የሚያሳየው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አግድም የሚሄደው ግን ወደ ሰሜንም፣ ወደ ምሥራቅም፣ በመካከላቸው ወዳለውም ሁሉ ነው።

ቋንቋ ለቋሚው የሚያደላው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። «ቋሚ» የቆመ እንጨት ብቻ አይደለም፤ የሚዘልቅም ነገር ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ፣ ቋሚ አድራሻ ይባላል። «አግድም አደግ» ግን ስድብ ነው። ሃይማኖትም ከዚህ አይርቅም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መሠረታዊ ትምህርቷን አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ትለዋለች፤ ዓምድ ምሰሶ ነው። በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ሕዝቡ የሚለካው በቱንቢ ነው።

ታዲያ ቋሚው ከአግድሙ ይበልጣል? የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ለመመለስ ይቸኩል ይሆናል፤ ቋሚውን ከቋሚ የሚያያይዝ ማገር ከሌለ ጭቃው የሚይዘው ያጣል። ሰባክያን የመስቀሉን ቋሚ እንጨት ሰው ከእግዚአብሔር፣ አግዳሚውን ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበት አድርገው ሲተረጉሙ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ያሉትን ሁለት ትእዛዛት ያስባሉ። በኅብረት በሚሰገድ ሶላትም ግንባር ለሱጁድ ወደ መሬት የሚወርደው ትከሻ ለትከሻ በተገጠመ ሰፍ ውስጥ ነው።

በሠንጠረዥ ላይ ግን የማዕረጉ ነገር ይቀራል። አንድ የኤክሴል ገጽ 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ አለው፤ ዓምዱ በስሙ ምሰሶ ይሁን እንጂ የሚሸከመው ጣሪያ የለም። ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋም «ላይ» የሚባለው ከጸሐፊው የራቀው ጠርዝ ነው፤ ስበት እዚያ ሥልጣን የለውም።

40 አባላት ያሉትና በየወሩ 50 ብር የሚያዋጣ የእድር መዝገብ ይታሰብ። ስሞቹ ቁልቁል፣ ወሮቹ ከመስከረም እስከ ነሐሴ አግድም ተጽፈዋል። አግድም ሲደመር የአንድ ሰው ዓመት ይገኛል፤ ቁልቁል ሲደመር የእድሩ ወር። አንድ አባል ሚያዝያን ሳይከፍል ቢቀር ጉድለቱ ሁለት ቦታ ይታያል፤ በረድፉ ጫፍ 600 ይሆን የነበረው 550፣ በሚያዝያ ዓምድ ግርጌ 2,000 ይሆን የነበረው 1,950። የቀኙ ጠርዝና የግርጌው ድምር ማዕዘኑ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም 23,950 ካላሉ ደማሪው ተሳስቷል። ለለቅሶ ድንኳን የሚገዛው በዓምዱ ገንዘብ ነው፤ በማን ደጅ መተከል እንደሚገባው የሚናገረው ረድፉ ነው። እዚህ ቁልቁሉ የማኅበር፣ አግድሙ የግለሰብ ሆኗል፤ ከሰባክያኑ አተረጓጎም ጋር አይገጥምም፣ መግጠምም የለበትም። ወሮቹን ቁልቁል፣ ስሞቹን አግድም ያደረገ ጸሐፊ አንዲት ሳንቲም አያጎድልም።

የፊደል ገበታም ሠንጠረዥ ነው፤ ቨ ሳይቆጠር 33 ረድፍ በ7 ዓምድ፣ 231 ፊደል። ቁልቁል ሲወረድ ተነባቢው፣ አግድም ሲኬድ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አናባቢው ይለወጣል። ሀ ሁ ሂን በዜማ የያዘ ልጅ ዓይኑን ገበታው ላይ ሳያሳርፍ ሊወጣው ይችላል። አቡጊዳ ግን ተራውን በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ደርድሮ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ይሄዳል፤ አንድ ረድፍ በወረደ ቁጥር አንድ ዓምድ ይሻገራል። በዚህ ሰያፍ መንገድ ላይ የረድፉም የዓምዱም ዜማ አያግዝም፤ ተማሪው እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ይኖርበታል።